የሚፈታ እግር ያለው ጠረጴዛ

በዚያ ዓመት በሁምቦ ቆላ በልግ አልዘነበም። በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ሰው አገዳውን ለከብት አጨደ፤ ከብቱ አገዳውን ሳይጨርስ ወደቀ። ውኃ በጋሪ የሚያመላልሱ ሰዎች አህዮቻቸው መንገድ ላይ ሞቱባቸው። በሰኔ ሁለት ጎረቤታሞች የውኃ ቦኖ ላይ በመቆፈሪያ ተፋጁ። አንዱ እዚያው ቀረ፤ ሌላው ሆስፒታል በር ላይ ሞተ። በሐምሌ ደመና መጣ፤ ዝናብ አልመጣም። ወጣቱ ወደ ሶዶ ወጣ። ሥራ ያገኘ ጥቂት ነው። ያላገኘው ሰረቀ፣ ተደባደበ፣ ተወጋ። የሶዶ ፖሊስ በዚያ ክረምት እንቅልፍ አልጠገበም።

ነሐሴ ሲገባደድ አቅም ያለው ሰው ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ቤቱን ማሰናዳት ጀመረ። ግድግዳ ተቀባ፣ ሶፋ ተለወጠ። የአሸዋ ነጋዴው አቶ መልካሙም አዲስ የሳሎን ጠረጴዛ አሠራ። ጠረጴዛው በገባ ማግስት ማለዳ እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር አንጁሎ ወደ ግቢው ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሬሳውን አልነበረም። አናጢው ኤልሳዕ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። የሟቹ ታናሽ ወንድም ታምራት ደረቱ ላይ ተንበርክኮ በድንጋይ አፉን ይመታዋል። ዘመዶች ዙሪያውን ቆመዋል። የቤተሰቡ ታላቅ አቶ ኤርካሎ፣ የሟቹ አጎት፣ ከአጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«ተወው» አለ አንጁሎ።

«ወንድሜን ገድሎታል።»

«ተወው አልኩህ።»

ታምራት ድንጋዩን እንደገና አነሣ። አንጁሎ በያዘው ዱላ የእጁን አንጓ መታው። ድንጋዩ ወደቀ። ታምራት እጁን ይዞ ተነሣ።

«ውሰደው» አለ። «ግን ስማኝ። ወንድሜ ነገ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። ከቀብር ስንመለስ ይህ ሰው በደሙ ይከፍላል። ጣቢያችሁ በር አለው አይደል? በር ደግሞ ይሰበራል።»

ዘመዶቹ አጉረመረሙ። አንጁሎ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ያሉትን የሚያደርጉ ሰዎች እንደሆኑ አወቀ። ኤልሳዕ ነገ በሕይወት እንዲኖር፣ ገዳዩ ከቀብሩ በፊት መታወቅ ነበረበት።

ሳሎኑ ጠባብ ነው። መልካሙ በግንባሩ ተደፍቷል። ግዙፍ ሰው ነበር። የራስ ቅሉ ጀርባ ተሰባብሮ ገብቷል፤ ደሙ እስከ ሶፋው እግር ፈስሶ ረግቷል። ከአጠገቡ አዲሱ ጠረጴዛ ቆሟል፤ ነጭ ነው፣ ደም ያልነካው ንጹሕ። ገበታው ገና አልተቀመጠበትም፤ ለጊዜው አንድ ኮምፔንሳቶ ጣል ተደርጎበታል። የእብነ በረዱ ገበታ በገለባ ተጠቅልሎ፣ በእንሰት ቃጫ ገመድ ታስሮ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የአንዱ ገመድ ጫፍ ተፈትቶ ክሩ ተንጠልጥሏል።

ረዳቱ ሳጅን ትዕዛዝ መዶሻ ይዞ መጣ። «ነገሩ ያለቀ ነው ጋሼ። ትናንት መልካሙ አናጢውን በጥፊ መታው። አናጢው ‹ትከፍላለህ› አለው። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የሥራ ዕቃውን እዚህ ትቶ ሄደ። ይኸው መዶሻው። ጠዋት መጥቼ ሬሳ አገኘሁ ያለውም ራሱ ነው።»

«መዶሻው ደም አለው?»

«አጥቦታል።»

«የመዶሻው ብረትና እጀታ መጋጠሚያ ላይ የእንጨት ትቢያ አለ። የታጠበ መዶሻ ትቢያ አይኖረውም።»

«እንግዲህ ጠርጎት ይሆናል።»

«በምን?»

ትዕዛዝ ዙሪያውን አየ። የደም ጨርቅ የለም።

አንጁሎ መዳፉን ኮምፔንሳቶው ላይ አሳረፈ። ጠረጴዛው ተወዛወዘ። እጁን አነሣ።

ሬሳው ወደ ሆስፒታል ሄደ። ዶክተር ሰሎሞን መርምሮ ሲጨርስ ጓንቱን ሳያወልቅ አንጁሎን ጠራው።

«አንድ ጊዜ አይደለም የተመታው» አለ። «ከወደቀ በኋላም ተመትቷል። እዚህ ጋ ተመልከት። ቁስሉ ክብ ነው፤ የቡና ሲኒ አፍ ያህል። መሃሉ ላይ ደግሞ ቀዳዳ አለ፤ ጠልቆ ገብቷል።»

«መዶሻ?»

«የመዶሻ አፍ ከዚህ ይጠብባል። መዶሻ ደግሞ መሃሉ ላይ ሹል የለውም።»

«በመዶሻ መትቶ በሌላ ብረት ቢደግመውስ?»

«አንድ ቁስል ላይ ሊሆን ይችላል። እኔ ያየሁት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ክብ፣ መሃሉ ቀዳዳ። በአንድ ምት የሚመጣ ነው።» ዶክተሩ በመቆንጠጫ ትንሽ ነገር አሳየው። «ይህን ደግሞ ከፀጉሩ አወጣሁ። ወርቅ ይመስላል።»

«ወርቅ አይደለም» አለ አንጁሎ። «ቀለም ነው።»

ኤልሳዕ ጣቢያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ከንፈሩ ተተርትሯል። ሲናገር ደም ይተፋል።

«ጥርሴን ስንቱን አስቀሩልኝ ጋሼ?»

«ለማኘክ የሚበቃ አለህ። ስለ ጠረጴዛው ንገረኝ።»

«ስለ ጠረጴዛው? ነገ እኮ ሊገድሉኝ ነው።»

«ለዚህ ነው የምጠይቅህ። ማን መረጠው?»

ኤልሳዕ አፉን በእጅጌው ጠረገ። «መልካሙና እጮኛው ሔርሜላ አብረው መጡ። ሱቅ ውስጥ የተሠሩ ነበሩኝ። አንዱ ክብ መስታወት ነው። አንዱ ከዋንዛ የተሠራ፣ እግሩ የአንበሳ መዳፍ የተቀረጸበት። መልካሙ አንበሳውን ወደደ። እንግዳ ሲገባ ይፈራል አለ።»

«ሳሎን ውስጥ እንግዳ ለምን ይፈራል?»

«እሱን ያውቁታል ጋሼ። እሷ ግን ከስልኳ ሌላ አሳየችኝ። ኒዮክላሲካል ይሉታል። የድሮ የፈረንጅ ቤተ መንግሥት ዓይነት ነው፤ ግን ጌጡ አይበዛም። እግሩ ቀጥ ያለ ነው። ከላይ ወፍራም፣ ወደ ታች እየቀጠነ ይወርዳል፤ ቁመቱን ቦይ ቦይ ተደርጎ ይቦረቦራል። ነጭ ቀለም፣ እግሩ አናት ላይ የወርቅ ቀለበት፣ ገበታው እብነ በረድ።»

«ለዚያ ቤት ይሆናል?»

«ከአንበሳው ይሻላል። አንበሳው ያን ሳሎን ይውጠው ነበር። ይህ እግሩ ቀጭን ስለሆነ ከሥሩ ወለሉ ይታያል፤ ቤቱ ሰፊ ይመስላል። ቁመቱን ከሶፋው መቀመጫ እኩል አድርገው አለችኝ። ጥግና ጥጉን ሰው ጉልበቱን እንዳይመታው አጥበው አለችኝ። ዓይን አላት። ሰው ጠረጴዛ ሲመርጥ ላዩን ዳብሶ ነው የሚሄደው። እሷ ሱቅ ያለውን ሁሉ እየገለበጠች ታቹን አየች።»

«ታቹ ምን አለው?»

«መጋጠሚያው ነዋ። እኔ ወንዴና ሴቴ ጠርቤ በኮላ ነው የምገጥመው። አባቴም እንዲሁ ነበር። እሷ በብሎን ይሁን አለች። ሲጓጓዝ እንዲፈታ። ብሎን የሰነፍ ሥራ ነው አልኳት፤ ሳቀችና በብሎን ይሁን አለች። አደረግሁት። ከእግሩ አናት ብሎን ይወጣል፤ ከጠረጴዛው ክፈፍ ሥር ያለው ዳዶ ውስጥ ይገባል።»

«መልካሙ ለምን መታህ?»

«ገጥሜ ስጨርስ ዞሮ አየውና ‹ሙሽራ ይመስላል› አለ። እኔ ደግሞ ‹ታዲያ ልታገባ አይደል?› አልኩት። ለዚህ ነው በጥፊ የመታኝ። እሷ አልነበረችም። ትከፍላለህ ማለቴን አልክድም። ግን ወጥቼ ቤቴ ገብቼ አደርኩ።»

«ስትወጣ ጠረጴዛው ይወዛወዝ ነበር?»

ኤልሳዕ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «ጋሼ፣ ከፈለጉ ይምቱኝ፤ አይስደቡኝ። ከእጄ የወጣ ጠረጴዛ አይወዛወዝም።»

በዚህ መካከል ሳጅን ትዕዛዝ ገባ። ጭስ ጭስ ይሸታል።

«የሟቹ ዘመዶች ሱቁን አቃጠሉት» አለ። «እንጨቱ፣ ማሽኑ፣ አንበሳው ጠረጴዛ፣ ሁሉም። ለማጥፋት የሞከረውን ዘበኛ በገጀራ ትከሻውን መትተውታል።»

ኤልሳዕ ጭንቅላቱን ጉልበቱ መሃል ቀበረ። አንጁሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አንጁሎ የመልካሙን ሳሎን አስከፍቶ ተቀመጠ። ሰዎቹን አንድ በአንድ እዚያው አስጠራቸው። ውኃ በጆግ አስመጥቶ ብርጭቆዎቹን አጠገቡ ወንበር ላይ ደረደረ። ጠረጴዛውን ለእንግዶቹ ተወው።

መጀመሪያ የገባው የግቢው ተከራይ መምህር እስራኤል ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ከጎንደር የተመደበ ሰው ነው። ግራ እጁ በጀሶ ታስሯል። ብርጭቆውን ኮምፔንሳቶው ላይ ሲያስቀምጥ ጠረጴዛው ዘነበለ፤ ውኃው ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

«ይቅርታ» አለ። «በአንድ እጅ መኖር ገና አልለመድኩም።»

«ማን ሰበረህ?»

«መልካሙ ራሱ። የአሸዋ መኪና በሩን ዘግቶ ትምህርት አስቀረኝ፤ ተናገርኩት። በሎደሩ፣ በአሸዋ መጫኛው መኪና፣ ብረት መታኝ። እዚህ ግቢ የሚኖር ሰው ወይ ይደበደባል ወይ ሰው ሲደበደብ ያያል።»

«ሲመታህ ምን አለህ?»

እስራኤል አመነታ። «‹ሳሚን ያስገባሁበት ጉድጓድ አስገባሃለሁ› አለኝ። ሳሚ ማን እንደሆነ አላውቅም። ታምራት ከኋላው ነበር። ‹ዝም በል› ብሎ ጮኸ። የጮኸው በእኔ ላይ መስሎኝ ነበር፤ በወንድሙ ላይ ነው።»

«ሌላ ማን ሰማ?»

«ሔርሜላ ነበረች። በኋላ እጄን ያሰረችልኝ እሷ ናት። ደግ ልጅ ናት። እዚህ ቤት ምን እንዳመጣት አላውቅም።»

«ጠረጴዛው የታዘዘው ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን።»

ታምራት ሲገባ አልተቀመጠም። በጡጫው ኮምፔንሳቶውን ደበደበው፤ ጠረጴዛው እየተወዛወዘ ተንቋቋ።

«ገዳዩን አስረህ እኛን ትጠይቃለህ?»

«ሳሚ ማነው?»

የታምራት ጡጫ እዚያው ቀረ። «የቀን ሠራተኛ ነበር። አሸዋ ይጭን ነበር።»

«አሁን የት ነው?»

«ደቡብ አፍሪካ ሄደ።»

«ማን ነገረህ?»

«ጎረምሳ የጠፋ እንደሆነ ሌላ የት ይሄዳል? ስንቱ ሄዶ የለ። ወንድሜ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ስለ ቀን ሠራተኛ ትጠይቀኛለህ?» በሩን አላትሞ ወጣ።

ሔርሜላ ጥቁር ለብሳ ገባች። ቀጭን፣ አጭር ልጅ ናት። ሰላምታ ሰጥታ ተቀመጠች። አንጁሎ ብርጭቆ አቀበላት። ተቀብላ ጥቂት ጠጣች፤ ከዚያ በግራ እጇ የጠረጴዛውን ጥግ ጫን አድርጋ ይዛ፣ በቀኝ እጇ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ውኃው አልተነቃነቀም።

«ልጄ፣ አገርሽ የት ነው?»

«አዲስ አበባ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው። እዚህ የመጣሁት ለሥራ ነው፤ ስልክ ቤት ውስጥ እሠራለሁ።»

«ወላይትኛ ትችያለሽ?»

«ሰላምታ ብቻ። ሰው ይስቅብኛል።»

«ትናንት እዚህ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልምምድ ነበረን፤ ከዚያ ቤቴ ገባሁ። መልካሙ ደውሎ ጠረጴዛሽ ገባ፣ ነገ እብነ በረዱ ሲቀመጥ ታይዋለሽ አለኝ።»

«ተገጥሞ አላየሽውም?»

«አሁን ገና ማየቴ ነው።»

«እንዳሰብሽው ሆነ?»

«ቆንጆ ነው» አለች። ዓይኗ ግን ወለሉ ላይ፣ ደሙ የነበረበት ቦታ ላይ ነበር። አንጁሎ ለራሱ ውኃ ቀዳ። እጇ ወደ ግድግዳው ሄዶ ከእብነ በረዱ ማሰሪያ የተንጠለጠለውን ክር ሳበ። ክሩን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ወደ ሆዷ አሻችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ክሩ ተገምዶ ጠነከረ። ከዚያ የአንጁሎን ዓይን አየች። ክሩን ለቀቀች።

«መሄድ እችላለሁ?»

«ሂጂ ልጄ። ነገ ጠዋት ግን እዚህ እፈልግሻለሁ።»

ብቻውን ሲቀር ጠረጴዛውን ገለበጠ። ሦስቱን እግሮች ሞከረ፤ አልተነቃነቁም። አራተኛው ግን እስከ መጨረሻው አልገባም። ፈታው። ከእግሩ አናት የወጣው ብሎን ጎብጧል። በጥርሱ ላይ ቃጫ ተጠምጥሟል፤ ጥብቅ ተደርጎ ተገምዶ፣ ጥርሱን ተከትሎ። የቃጫው ውስጠኛ ወገን ጥቁር ሆኖ ደርቋል። የወርቁ ቀለበት ጠርዙ ተልጧል። አንጁሎ እግሩን በቀጭኑ ጫፍ ያዘው። ለእጅ ይመቻል። ክብደቱ ከላይ ነው።

የጠፉ ሰዎች መዝገብ ላይ ሳሚ የሚባል የለም። ደቡብ አፍሪካ የሄደን ልጅ ጠፋ ብሎ የሚያመለክት የለምና። አንጁሎ ግን የአሸዋ ጫኞችን ጠየቀ፤ ሳሚ የሻንቶ ልጅ ነበር አሉት። በሚኒባስ ሻንቶ ሄደ፣ ከዚያ ባጃጅ ያዘ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። በራቸው ላይ መቆፈሪያ ተደግፏል። እጀታው ስለላላ ከብረቱ ጋር የሚገጥምበት ላይ ቃጫ ተጠምጥሞበታል፤ ጥብቅ ተደርጎ ተገምዶ። አንጁሎ ለብዙ ጊዜ አየው። እሱም እናቱ ቤት የላላ ነገር ሁሉ እንዲህ ሲጠብቅ እያየ ነው ያደገው።

«ሳሚ ልጅዎ ነው እናቴ?»

«ልጄ ነው። ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም። የት ነው ያለው?»

«ደቡብ አፍሪካ ሄደ ብለውኛል። አይደውልም። እዚያ የገባ ይረሳል ይሉኛል። የእኔ ልጅ አይረሳም። ቤት ውስጥ ጨው ሲያልቅ እንኳ ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ነው።»

ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ አለ። ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ተቃቅፈው ቆመዋል።

«ይህችስ?»

«እህቱ ሔርሜላ። አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ላክኋት፤ ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ነው። እጇ ግን የእኔው ነው፤ ስትመጣ ሥራ አታስነካኝም። መቆፈሪያውንም እሷ ናት ያጠበቀችው።» ወይዘሮ እልፍነሽ ቀና አሉ። «ለምን ትጠይቀኛለህ ልጄ?»

«መልሼ እመጣለሁ» አለ አንጁሎ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው ሞልቷል። ሬሳው ከሆስፒታል ሊመጣ ነው። አንጁሎ ታምራትን፣ እስራኤልን፣ ሔርሜላንና አቶ ኤርካሎን ሳሎን አስገባ። ሳጅን ትዕዛዝ ኤልሳዕን በካቴና ይዞ መጣ። ኤልሳዕ ድንኳኑን ሲያልፍ ሰዎች ተፉበት፤ አንድ ሰው በክርኑ ጎኑን መታው።

በሩ ተዘጋ። አንጁሎ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ።

«መልካሙ በመዶሻ አልተገደለም» አለ። «ቁስሉ ክብ ነው፣ ከመዶሻ ይሰፋል፣ መሃሉ ቀዳዳ ነው። ፀጉሩ ውስጥ የወርቅ ቀለም ተገኝቷል። ክብ አናት፣ መሃሉ ላይ ብረት፣ ዙሪያው ወርቅ። እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አንድ ነው ያለው።»

ጎንበስ ብሎ አራተኛውን እግር ፈታ። ጎባጣውን ብሎን አሳያቸው።

«አናጢው ሠርቶት አናጢው መታበት» አለ ታምራት። «ምን ተለወጠ?»

«ኤልሳዕ፣ ጎባጣ ብሎን እንዴት ታስገባለህ?»

«አላስገባም» አለ ኤልሳዕ ባበጠ አፉ። «አውጥቼ በአዲስ እቀይረዋለሁ። ሣጥኔ ውስጥ ስንት ብሎን አለ።»

«ሣጥኑ እዚሁ ነበር። ገዳዩ ግን አልከፈተውም፤ ምን እንዳለበት አያውቅምና። እግሩን አጠበ፣ ሊመልስ ሞከረ፣ ብሎኑ ጎብጦ ላላ። ያኔ ገዳዩ ሳያስብ፣ እጁ የለመደውን አደረገ። ከእብነ በረዱ ማሰሪያ ቃጫ ሳበ፣ ገመደ፣ ብሎኑ ላይ ጠመጠመ። ደሙ ቃጫው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የተጠመጠመው ከግድያው በኋላ ነው። የላላ ነገር በቃጫ የሚያጠብቅ ሰው ከእንሰት ሥር ያደገ ሰው ነው።»

«እኔ ጎንደሬ ነኝ» አለ እስራኤል ቀስ ብሎ።

«አንተ እጅህም አንድ ነው። በአንድ እጅ ቃጫ አይገመድም። ታምራት ደግሞ ትናንት ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመታው መወዛወዙን አያውቅም ነበር። አንተም አላወቅህም፤ ሱሪህን አረጠብክ። አንድ ሰው ብቻ ጥጉን በእጁ ይዞ ብርጭቆ አስቀመጠ። የማይረጋ መሆኑን የሚያውቅ ሰው። ተገጥሞ አላየሁትም ያለ ሰው።»

ሁሉም ዞረው ሔርሜላን አዩ።

«በብሎን ይሁን ያልሽው አንቺ ነሽ» አለ አንጁሎ። «ከላይ ከባድ፣ ከታች ለእጅ የሚስማማ እግር የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ጠረጴዛ አልነበረም የምትመርጪው፤ መምቻ ነበር። ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ አልሽኝ። ትናንት ግን ፊቴ ተቀምጠሽ ቃጫ ጭንሽ ላይ አሸሽ። የሻንቶ ልጅ ነሽ። የሳሚ እህት ነሽ። መልካሙ ሳሚን ጉድጓድ አስገባሁት ሲል ሰምተሻል።»

ታምራት ከኮቱ ሥር ቢላዋ መዘዘ። ፈጣን ነበር። ቢላዋው ሔርሜላ ትከሻ ላይ አረፈ፤ ልብሷን ቀዶ ሥጋዋ ውስጥ ገባ። አንጁሎ የያዘውን የጠረጴዛ እግር ወርውሮ ጉልበቱን መታው። ታምራት ወደቀ። ኤልሳዕ ካቴና በታሰረ እጁ ቢላዋ የያዘውን የታምራትን እጅ ወለሉ ላይ ጫነው። ትዕዛዝ ቢላዋውን ነጠቀ።

ሔርሜላ አልጮኸችም። ትከሻዋን ይዛ ቆመች፤ በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል።

«ገድዬዋለሁ» አለች። «እሱ ስልክ ሲያወራ የጠረጴዛውን እግር ፈታሁ። ጠረጴዛህ እግሩ ወልቋል ና እየው አልኩት። ሊያየው ተንበረከከ። ሳሚ የት ነው አልኩት። ቀና ሊል ሲል መታሁት። የት ነው እያልኩ ነው የመታሁት። ሳይነግረኝ ሞተ።» ወደ ኤልሳዕ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንተን ይይዙሃል ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ ከቀብሩ በፊት ልናገር ነበር። ባታምነኝ አልፈርድብህም።»

ኤልሳዕ የተተረተረ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ።

«እናቴ በየቀኑ ስልኳን ታያለች» አለች ሔርሜላ። «ሞቷል ብዬ ልነግራት አልቻልኩም፤ መቃብር የለውማ። ከዚህ ሰው ጋር የታጨሁት ሳሚ የት እንዳለ ለማወቅ ነው። ሌላ በምን ወደዚህ ቤት እገባለሁ? አሁንም የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ስቀሉኝ፣ እሰሩኝ። የት ነው?»

አቶ ኤርካሎ ከሶፋው ተነሥተው ወለሉ ላይ ወደ ወደቀው ወደ ታምራት ሄዱ።

«ልጁ ጉድጓድ ሲገባ ሎደሩን ማን ይነዳ ነበር?» አሉ።

ታምራት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ትናንት ደም በደም ይከፈላል ስትል ሰምቼሃለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቶሃል። አሁን እኔ እጠይቅሃለሁ። ሎደሩን ማን ይነዳ ነበር?»

«እኔ» አለ ታምራት።

«ተናገር።»

«ልጁ ደመወዙን ጠየቀ። መልካሙ በአካፋ መታው። ወደቀ። ሞቷል፣ በአሸዋ አልብሰው አለኝ። ቢጠና ከሚባለው ቦታ በታች ያለው አሮጌው አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። እኔ አሸዋውን ለቀቅሁበት።» ድምፁ ወረደ። «አሸዋው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። መልካሙ ቀጥል አለኝ። ቀጠልኩ።»

ሔርሜላ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ታች ተንሸራተተች። ለመጀመሪያ ጊዜ በወላይትኛ ተናገረች። «ታ ኢሻው» አለች። ወንድሜ ማለቷ ነው።

አቶ ኤርካሎ በሩን ከፈቱ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ዞሮ አያቸው።

«አናጢውን ፍቱት» አሉ። «ማንም እንዳይነካው። ሱቁን ያቃጠላችሁ፣ ሱቁን ትሠራላችሁ።» ከዚያ ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ። «መልካሙ ዛሬ አይቀበርም። ይቆያል። ከእሱ በፊት መቀበር የነበረበት ልጅ አለ። ከእኛ ቤት የወጣ ዕዳ ነው። አካፋ ያዙ።»

አንድ ዘመድ «አጎቴ፣ ወንድማችንን ሳንቀብር ትተን?» አለ።

«አካፋ ያዝ አልኩህ።»

ጉድጓዱ ደረቅ ነበር። ድርቁ አጠገቡ የሚፈሰውን ወንዝ አጥፍቶት አሸዋው ዱቄት ሆኗል። የመልካሙ ዘመዶች ሸሚዛቸውን አውልቀው ቆፈሩ። ታምራት በካቴና እንደታሰረ ቦታውን አሳየ። ሳሚ በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። ሁለቱም እጆቹ ወደ ላይ ነበሩ። ያን ያዩት ሰዎች ቁፋሮውን አቁመው ዞሩ። አንጁሎ ራሱ ወርዶ አሸዋውን በእጁ ከፊቱ ላይ አነሣ።

ዶክተር ሰሎሞን ማየት ያለበትን አይቶ ሲጨርስ አስከሬኑ በሣጥን ሆነ። ሔርሜላ እዚያ አልነበረችም። ትከሻዋ ተሰፍቶ ፖሊስ ጣቢያ ታስራ ነበር፤ አንጁሎ ሄዶ በመስኮት ነግሯታል። ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ረዥም ጊዜ ቆየች።

ሻንቶ ሲደርሱ አቶ ኤርካሎ መኪናውን አስፋልቱ ላይ አስቆሙት። ሣጥኑ ወረደ። ከአስፋልቱ እስከ ወይዘሮ እልፍነሽ ደጅ የመልካሙ ዘመዶች በትከሻቸው ተሸከሙት። ካቴናው ለዚያ መንገድ ያህል ተፈትቶለት፣ የፊተኛውን ጥግ የያዘው ታምራት ነበር። ፖሊስ በሁለቱም ጎኑ ይሄዳል። መንገድ ዳር የሻንቶ ሰው ቆሞ ያየዋል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ተከተሉት፤ እስከ ደጁ ድረስ ከፊቱ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

ወይዘሮ እልፍነሽ ወጥተው ቆመው ነበር። አንጁሎ ቀድሞ ነግሯቸዋል፤ ስለ ወንድ ልጃቸውም፣ ስለ ሴት ልጃቸውም። ሣጥኑ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። አቶ ኤርካሎ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«ልጅዎን አምጥተናል» አሉ። «የዘገየነው እኛ ነን።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ታምራትን አዩት። ተንበረከከ። መሬቱን በግንባሩ ነካ። አላነሡትም፣ አልረገሙትም። ተቀምጠው መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ፤ ከእግሩ ወገን እስከ ራሱ ወገን በእጃቸው ሄዱበት።

«ይግባ» አሉ።

ዘመዶቹ ሣጥኑን አንሥተው ወደ ቤት አስገቡት።